ወደ አቦ የሚያወጣው መንገድ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? የተጂ ጤፍ ታጭዶ ተከመረ ወይስ ገና ማሳ ላይ ነው? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት በዚህ ብርድ እንዴት አድርጎሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ እዚህ ስሙ ይመስገን አለን። እማዬ ደክማለች። ከዚህ በፊትም ይህንኑ ነግሬሽ ነበር፤ ዛሬም የምለው ያንኑ ነው፤ ደክማለች።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ወዲህ ሌላ መላ አጣሁ። በሰው ስልክ እንዳልደውል ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል፤ ብትሰሚው ትደነግጫለሽ ብዬ ተውኩት። ሹፌሩ ወንዲ ድርቆሽ ይዞ ወደ ሰበታ ሊሄድ ነው። አይሱዙው በራችን ላይ ቆሞ እየተጫነ ነው፤ ጭነው እስኪጨርሱ እጽፋለሁ። ሰበታ አራግፎ ተጂ ድረስ እንዲዘልቅና በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብየዋለሁ። ሲመለስ ከእሱ ጋር ትመጪያለሽ።

እምቢ ልትይ እንደምትችይ አውቃለሁ። ባለፈው «እማዬን ወደ አንቺ ቤት ካላመጣሻት እግሬ የዲሪርሳን ግቢ አይረግጥም» ብለሽ ስልኩን ጠረቀምሽው። ከዚያ በፊት ደግሞ «ፈርደሽ ፈርደሽ እናትሽን ከሰው አወጣሻት» አልሽኝ። አልተቀየምኩም። ወንድማችንን ዲሪርሳን አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ በእሱ መናደድ ሲያቅትሽ የቀረው ወደ እኔ ይመጣል። ግን ነገሩን በሩቁ ነው የሰማሽው። ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ እንደ ልብሽ አድርጊ። አንድ ነገር ብቻ፤ ብትቆጪም መጥተሽ ተቆጪ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። አባባ ለሬሳ ማለፊያ ብሎ ከመሬቱ ጠርዝ የተወው፣ ልጆች ሆነን ለታቦት በዓል የምንሮጥበት። ከሰፈራችን ወደ አቦ የሚያወጣ ደረቅ መንገድ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው በጨፌው ዞሮ ነው። ዲሪርሳ አምና ያንን መንገድ በቆርቆሮ ሲያጥረው ምክንያት አልነበረውም አልልም። ጊደሩን የነዱበት ሌቦች በዚያ በኩል ነው የገቡት። ሲጮህ የደረሰለት ሰው አልነበረም። ሽማግሌ በተላከበት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ጊደሬ ስትነዳ እድሩ የት ነበር? እድር የሚያውቀው የሞተ ብቻ ነው» ይላል። ካርታውንም አውጥቶ ያሳያል። «አባቴ ማለፊያ ፈቀደ እንጂ መሬት አልሰጠም» ይላል። ሐሰት ነው ያለው ሰው የለም።

ነሐሴ ላይ ግን ወይዘሮ ሰብለወርቅ ሞቱ፤ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ የነበራቸው። ሬሳቸውን በጨፌው አዙረን ወሰድን። ዝናብ ነበር። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ አንዱ ወደቀና ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ተዘንብሎ ውሃ ነካው። ትልቁ ልጃቸው ሣጥኑን ደግፎ ውሃው ውስጥ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ሁለት ሰው ነው ያነሳው። ከዚያ ማዶ የእኛ ቆርቆሮ እያብረቀረቀ ይታያል። የዚያን ዕለት ነው ሰው የቆረጠው።

እኔን የእድሩ ዳኛ አድርገው የመረጡኝ ወንዶቹ እርስ በርስ አልተማመን ብለው ነው እንጂ ፈልጌው አይደለም። ጠዋት ተማሪዎቼ፣ ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ፣ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ፣ እሑድ እድር። ለሀገር ነው፣ ለሰፈር ነው፣ ለነፍስ ነው እየተባለ ሰውነቴ አለቀ። የዲሪርሳ ጉዳይ ሲቀርብ «ወንድሜ ነውና ሌላ ሰው ይያዘው» ብዬ ወንበሩን ለቅቄ ነበር። ኦቦ ዲሪባ፣ ምላሳቸውን ታውቂዋለሽ፣ ከኋላ ሆነው «ለሌላው ሲሆን ዳኛ፣ ለወንድም ሲሆን ታማሚ! እንዲህ ከሆነ እኔም ነገ ወጥቼ አንድ ወንድም እገዛለሁ» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። መልሶ ያስቀመጠኝ ያ ሳቅ ነው።

ውሳኔው አጭር ነው። ዲሪርሳ መንገዱን እስኪከፍት ድረስ እድርተኛው ከዚያ ቤት ጋር በደስታም በሐዘንም አይገናኝም፤ እሳት አይጫጫርም። እድር የሚቆጥረው ቤት ነው እንጂ ሰው አይደለም። አባባ ከሞተ በኋላ እማዬ በዲሪርሳ ቤት ሥር እንደተመዘገበች አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ትዝ ያለኝ ግን ቆሜ ውሳኔውን እያነበብኩ «በሐዘንም» የሚለው ላይ ስደርስ ነው። እናታችን በዚያ ቤት ብትሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሣጥን የሚሸከም አይኖርም ማለት ነው። ያንን በገዛ አፌ እያነበብኩት ነበር።

አላቋረጥኩም። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። የወይዘሮ ሰብለወርቅ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ደክሞኝም ነበር።

ዲሪርሳ ከበሩ አጠገብ ነበር። ስጨርስ ተነሳና «ጨረስሽ እታለም?» አለኝ። ጨረስኩ አልኩት። «እንግዲያው ለእማዬ አንቺው ንገሪያት» ብሎ ወጣ።

ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ዳኛዋን ውጭ ተያትና እህቴ ትግባ» አለ። ሚስቱ ወርቅቱ ከኋላው ሆና አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምገባው እንዲሁ ነው፤ ዳኛዋን ውጭ ትቼ። ጉባኤውም የልጅ እግር አይከለከልም ብሎ ፈቅዶልኛል። ሳጥባትና ሳገላብጣት ግን ዳኛዋ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ የተጻፍኩት በማን ነው?» አለች። በዲሪርሳ አልኳት። «እንግዲህ ለእኔም ደረሰኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋን ታውቂዋለሽ፣ በአፍንጫዋ።

እትዬ፣ ወደ ቤቴ ልወስዳት ያልለመንኳት መስሎሽ ነው የተቆጣሽው። በዚያው ቀን ለመንኳት። መኝታዋን አዘጋጅቼ፣ ሰው ይዤ ሄጄ ለመንኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «አልሄድም። አንቺ ዘንድ ብሞት ቀብሬ ያምራል፣ ይህ ቆርቆሮ ግን እዚሁ ይቀራል። አንቺ በሕግ ያልቻልሽውን እኔ ተኝቼ እችለዋለሁ» አለችኝ። እንግዲያው ጉባኤውን ለምኜ አንቺን ከውሳኔው አስወጣለሁ ስላት ተቆጣች። «ለሰብለወርቅ ልጆች ምን ልትያቸው ነው? የእኔ እናት ሣጥን ውሃ አይነካውም ልትያቸው ነው?» አለች። ወላዋይ ሰው አትወድም ነበር፤ አሁንም አትወድም።

ከዚያ አልጋዋን በመስኮቱ በኩል አዙሩልኝ አለች። ወርቅቱና እኔ አዞርንላት። ከመስኮቱ የሚታየው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

ሰው መምጣት አቆመ። እማማ ወርቅውሃ ብቻ አላስቻላቸውም። ውሳኔው ቤት መግባትን እንጂ መጮህን አይከለክልም ብለው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ በኩል የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይነግሯታል፤ ማን እንዳገባ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደወጣ። እማዬ «ድምጿ በቆርቆሮ ሲመጣ እንደ ሬዲዮ ነው፤ ልዩነቱ መዝጊያ የለውም» ትለኝ ነበር። እዚያ ቤት የተሳቀው በዚህ ብቻ ነው።

ለንስሐ አባታችንም ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ለሕዝብ የገባሁትን ቃል ልጠብቅ ወይስ እናቴን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሁለቱንም ጠብቂ» አሉኝ። እንዴት አባቴ ስላቸው «እሱን እንኳ አላውቅም፤ ስታውቂው ለእኔም ንገሪኝ» አሉ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነው የወጣሁት። እሳቸውም መጥተው እማዬን ከጾሙ ፈቱላት፤ ወተት እንድትጠጣ። «ፈቃዱን ለእሳቸው መልሱላቸው፤ ከእኔ ይልቅ ለዲሪርሳ ያስፈልገዋል» ብላ በአጃ አጥሚት ጸናች። እውነቷን ነው፤ ዲሪርሳ እህል መቅመስ አቁሞ ነበር።

ምክንያቱም እማዬ አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አጥሚቱን ይዞ ሲገባ ከእጁ ትቀበለዋለች፣ ትመርቀዋለች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች «ዲሪርሳ፣ በየት በኩል ነው የምታወጣኝ?» ትለዋለች። «አትሞቺም እማ» ይላታል። «እሱ ደግ። ግን በየት በኩል?» ትለዋለች። ጠዋት ይህ ነው፤ ማታ ይህ ነው። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጦ ወጣና ቆርቆሮውን በቡጢ ሲመታው ሰማነው። እጁ ደማ። ከዚያም አልከፈተውም። ከከፈተው ጊደሩንም፣ ያን ዕለት ብቻውን መጮሁንም ሰው የሚረሳበት እየመሰለው ነው። እልኸኛነቱ ከማን እንደመጣ ለአንቺ አልነግርሽም፤ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር።

እኔ በመካከል ነበርኩ። በውጭ ኦቦ ዲሪባ «እናትሽ እስካለች ድረስ ያ ልጅ እናቱን አጥር ያደርጋታል» ይሉኛል። በውስጥ ዲሪርሳ «አንቺ ያነበብሽውን አንቺ ሰርዢ» ይለኛል። አንቺ ደግሞ ስልክ አታነሺም። አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋኛል። ተማሪዎቼ «መምህርት» ብለው ሲጠሩኝ እንኳ የምነቃው በግድ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ነበርኩ። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። «ኮቱ» አለች። እኔን ነይ ያለችኝ መስሎኝ ተጠጋሁ። በእጇ ገፋ አደረገችኝና እንደገና «ኮቱ» አለች። ማንን እንደምትጠራ ስጠይቃት በልጅነትሽ የምትጠራሽበትን ስም ጠራች። ትመጣለች አልኳት። ነገ ትመጣለች አልኳት። ስለዚህ እትዬ፣ አታሳፍሪኝ።

አሁን የዛሬውን ልንገርሽ፤ ወንዲ ገመዱን እያጠበቀ ነው።

ዛሬ ማለዳ ዲሪርሳን ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በዚያ ብርድ ካፖርት እንኳ አልደረበም። በእጁ የሚስማር መንቀያ ይዟል። አላለቀሰም። ምንስ ያስለቅሰዋል። ሰላም ሳይለኝ «ይመጣሉ?» አለኝ።

እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁትም። እንደ እህት ብመልስለት ኖሮ «አዎን፣ ይመጣሉ» ብዬ እጁን እይዘው ነበር። ዳኛዋ ግን አታውቅም ነበር። «መንገዱን ክፈት፤ ከዚያ እናያለን» አልኩት። በዚያ ሰዓት፣ ለዚያ ፊት፣ እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ሄደ።

ብቻውን ጀመረው። ቆርቆሮ ሲነቀል ድምፁ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ማንም አልወጣም። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ሌላ በር ሲከፈት እሰማ እንደሆን ጆሮዬን አቁሜ ነበር። የሚሰማው የእሱ ሚስማር ብቻ ነው። አንዱ ይወጣል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይወጣል። እማማ ወርቅውሃ እንኳ አልተነፈሱም። ካልመጡ ምን እንደማደርግ እያሰብኩ ነበር፤ ምንም የማደርገው አልነበረም።

ከዚያ ኦቦ ዲሪባ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዲጂኖ ይዘው ብቅ አሉ። ቆመው ትንሽ አዩትና «አንተ ሚስማር መምታት እንጂ መንቀል መቼ ተማርክ? ወዲያ በል» አሉት። ዲሪርሳ ዞር አለላቸው። ዲጂኖውን ከምሰሶው ሥር አስገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው! እሳቸውን ተከትሎ የወይዘሮ ሰብለወርቅ ትልቁ ልጅ መጣ። እሱ ሲመጣ እኔ የቤቴ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተነቀለውን ቆርቆሮ ከዲሪርሳ እጅ እየተቀበለ ከግድግዳው ሥር ይደረድር ጀመር። ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደመጣ መቁጠር ተውኩ። ስብሰባ አልተጠራም፣ እጅ አልወጣም፣ ውሳኔው ተሽሯል ያለም የለም። ዲሪርሳ አንዱን ጎረቤት «ጊደሬ...» ብሎ ሲጀምር ሰውየው «እናውቃለን ወንድሜ፤ ያኔ አልደረስንልህም» አለው። አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የነበረው ይህንን ነበር።

እማማ ወርቅውሃም ዛሬ በበሩ ገቡ። አሁን እማዬ አጠገብ ተቀምጠው የሆዳቸውን እየነገሯት ነው። አትመልስላቸውም፤ ደክሟት ነው።

ስትደርሺ ግቢው ውስጥ ሰው ብታዪ አትደንግጪ፤ አጥሩን ሊያነሱ የመጡ ናቸው። ኦቦ ዲሪባ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አስመጥተዋል፤ ሠራተኞቹ ሲደክማቸው እንዲቀመጡበት ነው። ወንዲ ደብዳቤውን ከሰጠሽ በኋላ ባልሽን ለብቻው ጠርቶ ቢያወራው ስለ ድርቆሽ ነው፤ ልብሽ አይጠርጥር። ባልሽም አብሮሽ ይምጣ። ጎረቤቶችሽ አብረንሽ እንሂድ ቢሉሽ እምቢ አትበያቸው፤ አይሱዙው ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ለሁሉም ይበቃል። ቡራዩ ስትደርሱ ልጅሽን ላሊሴን ይዛችኋት ኑ፤ መሥሪያ ቤቷን እንድታስፈቅድ መልእክት ልኬባታለሁ። ያንን አበባ አበባ ያለበትን ቀሚስሽን አትልበሺ፤ መንገዱ አቧራ ነው። እህል ቀምሰሽ ተነሺ። ከፊት፣ በሹፌሩና በባልሽ መካከል ተቀመጪ።

ዲሪርሳን ስታገኚው እትዬ፣ በመጀመሪያ ምንም አትበይው። እጁ ሁሉ ተቆራርጧል። ልጅ ሳለ ወድቆ ሲመጣ እንደምታደርጊው አድርጊው እንጂ። ከእኔ ጋር ያለሽን ቂም ደግሞ ከፈለግሽ ለሌላ ቀን አቆዪው፤ የትም አልሄድም።

የንስሐ አባታችን ጠዋት መጥተው ነበር። በወጡበት መንገድ ቆመው ሁለቱንም ጠበቅሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

የአባባ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። እንቅፋትሽን ያንሳልሽ። የምትሸከሚውን ከአቅምሽ በላይ አያድርግብሽ፤ ከከበደሽም የሚያግዝሽ ትከሻ አያሳጣሽ። እማዬ የመረቀችሽ ምርቃት ሁሉ ይድረስሽ።

ታናሽ እህትሽ

ይህን ለወንዲ ልሰጠው ስል ወደ እማዬ ክፍል ገብቼ ወጣሁ። አልጋዋ አሁንም እንዳዞርነው ነው። መንገዱ ከመስኮቷ እስከ አቦ ደጃፍ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፣ ደረቅና ቀጥ ያለ፣ አባባ እንደተወው። ሰው ሁሉ በሁለቱ ዳር ቆሟል። ማንም ገና አላለፈበትም። አንቺን እየጠበቁ ነው።